መኪና ሸጠህ ብሩን ባንክ ልታስገባ ስትል

ሰላም ወንድሜ። ሚኒባስህን በጥሬ ብር ሸጠህ ባንክ ስትሄድ «ምንጩን አስረዳ» እንዳሉህ ጽፈሃል። በወንጀል የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ ማስመሰልን የሚከለክለው አዋጅ ስለተሻሻለ ነው ወይ፣ በሚስቴና በእህቴ አካውንት ከፋፍዬ ላስገባው ወይ ብለሃል። እኔም እዚሁ ጎንደር አይሱዙዬን ሸጬ አልፌበታለሁና ስማኝ።

1. እንዳትከፋፍለው። ከማሻሻያውም ጋር አታያይዘው። ባንክ አጠራጣሪ ነው ያለውን ገንዘብ ለፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት (እንዲህ ያለውን ገንዘብ ለሚከታተለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) እንዲያሳውቅ የሚያስገድደው አዋጅ 780/2005 ነው፣ ከወጣ ቆይቷል። በ2017 ሰኔ ላይ ፓርላማ ባጸደቀው ማሻሻያ ሰው ሁሉ የተነጋገረው በሽፋን ለሚሠሩ መርማሪዎች ስለተሰጠው ከለላ ነበር። ያንተ ጉዳይ ከዚያ በፊትም ይጠየቅ ነበር። ባንክ የሚያደርገው ሪፖርት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በመጠን የሚሄድ ነው፤ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው መነሻ 300 ሺህ ብር ጥሬ ገንዘብ ነው። ይሄ ሪፖርት ወንጀለኛ አያሰኝህም፣ ተመዝግቦ ያልፋል። ሁለተኛው የጥርጣሬ ሪፖርት ነው፣ እሱ የብር ወለል የለውም። ከ300 ሺህ በታች እያደረግክ በሦስት ሰው ስም ስታስገባ በራስህ እጅ ወደ ሁለተኛው ትገባለህ። ሚስትህንና እህትህንም ይዘህ።

2. ውሉ ላይ እውነተኛው ዋጋ ይጻፍ። ሰው ሁሉ የሚቃጠለው እዚህ ጋ ነው። የኔን መኪና ያሻሻጠው ደላላ «ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፈው፣ ግብሩ ይቀልላችኋል» አለ፣ ገዢውም ደስ አለው። እኔ እምቢ አልኩ። ሽያጩ ሊፈርስ ምንም አልቀረውም ነበር፣ አዘዞ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን እስኪመሽ ተጨቃጨቅን፣ ደላላው ተቆጥቶ ተነስቶ ሄዶ ተመለሰ። በመጨረሻ የተቀበልኩትን ልክ አስጻፍኩ። አማቼ ግን ከኔ በፊት መኪናውን ሲሸጥ የደላላውን ምክር ሰምቶ ከግማሽ በታች ነበር ያስጻፈው። ባንክ ውል ሲጠይቀው ውሉና ብሩ አልገናኝ አሉ። የቀረው ብር ከየት መጣ? መልስ የለውም። ገንዘቡ ታግዶበት ወራት ተንከራተተ፣ ሊገዛው የነበረው ቤትም ለሌላ ተሸጠ። ለግብር ብሎ ያተረፋት ነገር ለትራንስፖርትና ለጠበቃ እንኳ አልበቃችም።

3. ብሩን ይዘህ ከመሄድህ በፊት ወረቀቱን ይዘህ ብቻህን ሂድና ሥራ አስኪያጁን አናግር። እኔ እንዲህ ያደረግኩት ሁለተኛው ባንክ ላይ ነው። ፒያሳ አካባቢ ያለው የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ባለ 200 ኖቱ በላስቲክ ታስሮ ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ነው፣ ወንድሜ ጆንያውን በሁለት እግሩ መሃል አድርጎ ይዞታል፣ ወረፋው እስከ በሩ ድረስ ነው። ገንዘብ ተቀባዩ ልጅ ከመስኮቱ ጀርባ ሆኖ «ይሄን ሁሉ ብር ከየት አመጣኸው?» ብሎ ጮኸ። የቆመው ሰው ሁሉ ዞሮ ጆንያውን አየ። መጠየቅ ሥራው ነው፣ ሕጉም ያዘዋል። ግን በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ከተማ፣ ሰው ብር እንደያዘ ጮሆ መናገር ነፍሱን አሳልፎ መስጠት ነው! ቢሮ አስገብቶ መጠየቅ ምን ይከብዳል? ብሩን ሳላስገባ ወጣሁ፣ ባጃጅ ውስጥ እንኳ ወደኋላ ስዞር ነበር።

ሁለተኛው ባንክ ሥራ አስኪያጇ በሯን ዘግታ ውሉን፣ የሊብሬውን ኮፒና የገዢውን መታወቂያ አየች፣ ቅጽ አስሞላችኝ፣ አለቀ። «ሪፖርት ታደርጉብኛላችሁ ወይ?» ብዬ ጠየቅኳት። መናገር አትችልም፣ ለደንበኛ ሹክ ማለት በሕግ ያስጠይቃል። አንተም ገንዘብ ተቀባይዋን በዚህ አታጨናንቃት። በቅን ልቦና ሪፖርት ላደረገ ሠራተኛም ሕጉ ከለላ ይሰጠዋል፣ ስለዚህ «እከስሻለሁ» ማለት ውሃ አያነሳም።

4. የማንንም ብር በአካውንትህ አታሳልፍ፣ የዘመድም ቢሆን። ይሄን ያልኩህ እህትህ አካውንቷን ላበድርህ ብላለች ስላልክ ነው። ነገ ተጠያቂዋ እሷ ናት።

አሁን አንድ ነገር ንገረኝ፤ ውሉ ላይ ያስጻፍከው ስንት ነው? ከተቀበልከው ጋር ልክ ከሆነ ነገ ጠዋት ወረቀቱን ይዘህ ሂድ። ካልሆነ ግን ብሩን ከማንቀሳቀስህ በፊት ጠበቃ አናግር፣ ገዢውንም ሳይርቅ ፈልገው።