ዕድሜው እስኪያልፍ ዝም ብዬ ልጠብቅ?

ጥያቄ፦

«ባለቤቴ 29 ዓመቱ ነው። ከተጋባን አራት ዓመት ሆኖናል፤ የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ አለን። በሙያው የሕንፃ መሐንዲስ ሲሆን ጥሩ ሥራ አለው። ከልጅነቱ ጀምሮ ተዋጊ አውሮፕላን ማብረር ይመኝ እንደነበር አውቃለሁ። ለምልመላ ሊመዘገብ በተዘጋጀበት ዓመት አባቱ ስለሞቱ ታናናሾቹን ለማስተማር ብሎ ሐሳቡን ተወው። እኔም ያለቀለት ነገር ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከሳሎን የሚያስጨንቅ የትንፋሽ ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹንና ሆዱን አጥብቆ ወጥሮ፣ ትንፋሹን እየያዘ በየሦስት ሰከንዱ ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ ይተነፍሳል። የታመመ መስሎኝ ጮኽኩ። የአብራሪዎች ልምምድ እንደሆነ የነገረኝ ያን ዕለት ነው። አሁን ልጃችንም ከጎኑ ተቀምጦ ጉንጩን እየነፋ ያስመስለዋል። በኋላም የዓይን ምርመራ ደረሰኝ አገኘሁ፤ ለቤት መግዣ ካጠራቀምነው ገንዘብ ላይ ሳይነግረኝ ነው የከፈለው። የዓይን ቀዶ ሕክምና ለማድረግም አስቧል። ሊያመለክት የፈለገበት አየር ኃይል ዕጩዎችን የሚቀበለው 30 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ሰባት ወር ቀርቶታል።

‹በዚህ ዕድሜህ ከሃያ ዓመት ልጆች ጋር ልትሰለፍ ነው?› አልኩት። ተጨቃጨቅን፤ አልሰማኝም። አሁን ዝም ብያለሁ። እናቱ ዘንድ ያለውን የትምህርት ማስረጃ እንዳመጣለት ከጠየቀኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። ማስረጃው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ሲጠይቀኝ ‹ረሳሁት› እለዋለሁ። እናቱም ‹አንቺ ካልከለከልሽው ማን ይከለክለዋል?› ይሉኛል። ሰባቱ ወር ካለፈ ዕድሜው ራሱ ይከለክለዋል፤ እኔም ክፉ ሳልባል ነገሩ ይዘጋል። እንዲህ ማድረጌ ጥፋት ነው? አንድ ነገር ቢደርስበት ልጄን ብቻዬን ማሳደግ አልችልም።»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣ ማስረጃውን ዛሬውኑ ስጪው።

ይህን የምልሽ ባለቤትሽ አብራሪ መሆን አለበት ብዬ አይደለም። ምናልባት መሆን የለበትም፤ እሱን ሁለታችሁ ትደርሱበታላችሁ። በያዝሽው መንገድ ግን የሚከለክለው ዕድሜው አይሆንም፤ አንቺው ነሽ። ከልካይዋ አንቺ መሆንሽን ለጊዜው አላወቀም እንጂ አንድ ቀን ማወቁ አይቀርም። እናቱ ወረቀቱን መቼ እንደሰጡሽ ያስታውሳሉ፤ ክፋት ሳያስቡ በጨዋታ መሐል ሊያነሡት ይችላሉ። ያን ጊዜ ባለቤትሽ ወደ ኋላ ተመልሶ ሳምንቶቹን ይቆጥራል። ሕግ የከለከለውን ነገር ሰው አዝኖም ቢሆን ይቀበለዋል። ሚስቱ በምሥጢር እንዳስቀረችበት ሲያውቅ ግን «ሌላስ ምን ረሳሁ ብላኛለች?» እያለ አራቱን የትዳር ዓመታት መመርመር ይጀምራል።

ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ዕድሜው፣ ስለ እናቱ ጽፈሽ ስታበቂ የሁሉንም ሥር በመጨረሻዋ መስመር ጣል አድርገሽው አልፈሻል። አንድ ነገር ቢደርስበትስ? ይህን ለእሱ ነግረሽው ታውቂያለሽ? ከደብዳቤሽ እንደምረዳው የነገርሽው ሌላ ነገር ነው። «ከሃያ ዓመት ልጆች ጋር ልትሰለፍ ነው?» ማለት «እንዳላጣህ እፈራለሁ» ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ያዋርደዋል፤ ስለዚህም ይከራከርሻል። ሁለተኛው ግን ክርክር የለውም፤ ቁጭ ብሎ ከመስማት በቀር የሚመልሰው ነገር አይኖረውም። ፍርሃትሽ ደግሞ እውነተኛ ነው። ወታደራዊ በረራ በሰላም ጊዜ እንኳ፣ በሥልጠና ላይ ሳይቀር፣ ሰው የሚሞትበት ሥራ ነው። «ምንም አይሆንም፣ አትጨነቂ» የሚልሽ ሰው ቢኖር፣ ባለቤትሽም ቢሆን፣ እውነቱን እየነገረሽ አይደለም።

በዕድሜ ከተከራከርሽው ግን ይረታሻል። ሰው ለዓመታት ሲያልም የኖረውን ነገር ታሪኩን ያውቃል። አድሚራል ዊሊያም ሃልዚ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የአብራሪነት ክንፉን፣ ማለትም ሥልጠናውን የጨረሰ አብራሪ የሚያደርገውን ምልክት፣ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1935 በ52 ዓመቱ ነው። አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብን በአዛዥነት ለመምራት አጭሩ የበረራ ተመልካችነት ኮርስ ይበቃው ነበር፤ እሱ ግን ከወጣት ሠልጣኞች ጋር ሙሉውን የአብራሪነት ሥልጠና መረጠ። ከእሱ በፊት የዚያው ባሕር ኃይል መኮንን ኧርነስት ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1927 በ48 ዓመቱ ክንፉን ተቀብሏል። ባለቤትሽ እነዚህን ስሞች ቢጠራልሽ ሌላውንም አንሺለት። ሁለቱም ያኔ ከፍተኛ መኮንኖች ነበሩ፤ በሩ የተከፈተላቸው በማዕረጋቸው ነው። ከውጭ የሚመጣ ዕጩ ያን ዕድል አያገኝም። እኔ ከታሪካቸው የምወስደው ጎልማሳ እጅና ዓይን አዲስ ነገር መማር እንደማያቅተው ብቻ ነው።

እንግዲህ የዕድሜ ጣሪያ ለምን ይወጣል? ሰውነት አንዱ ምክንያት ነው፤ ግን ብቸኛው አይደለም፣ ዋነኛውም አይመስለኝም። ተዋጊ ጀት በኃይል ሲታጠፍ አብራሪው ላይ የሚያርፈው ጫና የምድር ስበትን እስከ ዘጠኝ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ለእነዚያ ሰከንዶች 630 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ደም ከጭንቅላት ወደ እግር ይሸሻል፤ መጀመሪያ የዓይን ብርሃን ይደበዝዛል፣ ከዚያ ራስን መሳት ይመጣል። ባለቤትሽ ሌሊት ምንጣፍ ላይ የሚለማመደው ደሙን ወደ ላይ ለማቆየት የሚደረገውን መወጠርና መተንፈስ ነው። ይህን እስከ አርባዎቹ ዕድሜያቸው በብቃት የሚያደርጉ አብራሪዎች ሞልተዋል፤ ነገር ግን የጀመሩት በወጣትነታቸው ነው።

ትልቁ ምክንያት የዓመታት ሒሳብ ነው። አንድን አብራሪ ማሠልጠን ረጅም ጊዜና እጅግ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ተቋሙም ያወጣውን በአገልግሎት መልሶ ማግኘት ይፈልጋል። ለምሳሌ የአሜሪካ አየር ኃይል የአብራሪነት ክንፍ ያገኘ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥር ዓመት እንዲያገለግል ያስገድዳል። ያው አየር ኃይል ሥልጠና ለመጀመር 30 የነበረውን የዕድሜ ጣሪያ ወደ 33 ከፍ አድርጎታል። ጣሪያው እንደ ተቋሙ ፍላጎት የሚንቀሳቀስ ቁጥር እንጂ በሰው ላይ የተላለፈ ፍርድ አይደለም። ባለቤትሽ «አርጅተሃል» ሲባል የሚቆጣው ለዚህ ነው፤ ቁጣውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህንኑ ሒሳብ ግን ወደ ቤታችሁ አምጡት። ሊያመለክት ያሰበበት አየር ኃይል የሥልጠናው ርዝመትና የግዴታ አገልግሎቱ ስንት እንደሆነ ይጠይቅና ወረቀት ላይ ጻፉት። ሁለት ዓመት ሥልጠናና አሥር ዓመት አገልግሎት ቢሆን፣ እሱ በ42 ዓመቱ፣ ልጃችሁ በ15 ዓመቱ ነው የምትጨርሱት። በእነዚያ ዓመታት ምድቡ የት ይሆናል? አንቺ ሥራሽን ይዘሽ ትከተይዋለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ? ልጁ ቢታመምና እሱ መምጣት ባይችል ማን አለሽ? ባለቤትሽ ስለ አውሮፕላኑ ብዙ ያነበበ ይመስለኛል። በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ግን አንድም ሌሊት እንዳላሳለፈ እገምታለሁ፤ ሊያሳልፍ ይገባዋል።

ስለ እሱ ጥፋትም ዝም አልልም፤ ይህን አምድ ቢያነብ ደስ ይለኛል። በምሥጢር መለማመድ፣ ከጋራ ገንዘብ ሳይናገሩ መክፈል፣ ከዚያም «ሰባት ወር ቀርቶኛል» ብሎ ሚስትን ማጣደፍ ፍትሐዊ አይደለም። ስለ ዓይን ቀዶ ሕክምናው ደግሞ አጥብቄ የምለው አለኝ። ተቋሙን ሳይጠይቅ እንዳይነካው። አንዳንድ አየር ኃይሎች የተወሰኑ የሌዘር ሕክምና ዓይነቶችን ብቻ ይቀበላሉ፤ ከሕክምናውም በኋላ ወራት ማስቆጠር የተለመደ ግዴታ ነው። በችኮላ የተደረገ ቀዶ ሕክምና የቀሩትን ሰባት ወራት ራሱ ሊበላቸው ይችላል። ቀለም የመለየት ችግር ካለበትም ምንም ቀዶ ሕክምና አያስተካክለውም።

ፓውሊን ቦስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቬትናም ጦርነት የደረሱበት ያልታወቀ አብራሪዎችን ሚስቶች ስታጠና ቁርጡ ያልታወቀ እጦት ሰውን እንዴት እንደሚያደክም አስተዋለች። ባልየው በሕይወት ይኑር አይኑር አይታወቅም፤ ሚስቲቱ ማዘንም ተስፋ ማድረግም ያቅታታል። ቦስ ኋላ እንዳሳየችው ተገላቢጦሹም አለ። ሰውየው በአካል ቤት ውስጥ ነው፣ ልቡ ግን የለም። እናንተ ቤት አሁን ያለው ይህኛው ይመስለኛል። ባለቤትሽ ገና ማመልከቻ እንኳ ሳያስገባ ከእናንተ ተለይቷል፤ አንቺም ዝም ባልሽ ቁጥር የበለጠ እየራቀ ይሄዳል። ቀኑ አልፎ ቢቀር ይመለሳል ብለሽ ተስፋ አድርገሻል። እኔ ግን ያንን እጠራጠራለሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ቶማስ ጊሎቪችና ቪክቶሪያ ሜድቬክ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ሥራ እንዳሳዩት፣ ሰው በቅርብ ጊዜ የሚጸጽተው ያደረገው ነገር ነው፤ ዓመታት ሲያልፉ ግን አብሮት የሚኖረው ሳያደርገው የቀረው ነው። ባለቤትሽ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ለቤተሰብ ብሎ ትቶታል። ሁለተኛ ጊዜ፣ ያውም ሳይሞክር ቢቀር፣ ቁጭቱ የሚያርፈው በአንቺና በልጁ ላይ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ስለዚህ የማቀርብልሽ ሐሳብ ይህ ነው። ልጁ ከተኛ በኋላ ወረቀቱን በእጁ ስጪው፤ «አሁን ትዝ አለኝ» አትበይ። «ሦስት ሳምንት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ፈርቼ ነው የደበቅሁት» በይው። ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ። ከዚያ የፈራሽውን ነገር በራሱ ስም ጠርተሽ ንገሪው። በዚያ ምሽት ውሳኔ አትፈልጉ። በሌላ ቀን ግን ሁለት ነገር ተስማሙ። አንደኛው፣ ከሁሉ በፊት የአቪዬሽን ሕክምና ምርመራውን ያድርግ፤ ብዙ ዕጩዎች የሚቀሩት እዚያ ላይ ስለሆነ፣ ለወራት የምትጨቃጨቁበት ነገር በአንድ ቀን ሊቋጭ ይችላል። ምርጫውን አልፎ በጽሑፍ እስኪጠራም ሥራውን እንዳይለቅ። ሁለተኛው፣ ከጋራ ገንዘባችሁ ለዚህ ጉዳይ የሚወጣው ጣሪያ ይኑረው፤ ከዚያ በላይ የምታወጡት ሁለታችሁም ስትስማሙ ብቻ ይሁን።

ይህን ሁሉ አድርገሽ፣ ሒሳቡንም አይተሽ፣ «አልችልም» ልትዪ ትችያለሽ። ይህን ማለት መብትሽ ነው፤ ክፉም አያደርግሽም። ፊት ለፊት የተነገረ «አልችልም» ያስቆጣል፣ ያስለቅሳል፤ ግን ሰውየው ከማን ጋር እንደሚነጋገር ያውቃል። እሱም «ይህን ትቼ መኖር አልችልም» ካለ፣ ያኔ አብሯችሁ የሚቀመጥ የትዳር አማካሪ ፈልጉ። በዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ጉዳይ በደብዳቤ አይፈታም።

ሞክሮ ሳይሳካለት ቢቀርስ? ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት ሐዘንተኛ አድርገሽ ያዢው። «ይኸው ነግሬህ ነበር» አይባልም፤ «እንኳን ቀረ» ማለትም ለጊዜው ይቆይ፣ ምንም እንኳ ውስጥሽ እፎይ ቢልም። የማይደረስበትን ግብ ለቀው ሌላ ግብ መያዝ የሚችሉ ሰዎች የተሻለ ጤንነት እንዳላቸው ጥናቶች ያሳያሉ፤ ሆኖም መልቀቁና መያዙ በአንድ ቀን አይሆንም። ሰማዩን ከወደደው ሌላ በር አለ። የንግድ አየር መንገድ አብራሪ በዓለም አቀፉ ደንብ እስከ 65 ዓመቱ መብረር ስለሚችል በ30 ዓመት መጀመር እዚያ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህን ግን ራሱ እስኪያነሣው ጠብቂ። ቶሎ ከቀረበለት ማባበያ ይመስለዋል።

እናቱን በተመለከተ፣ እሳቸው ባል ቀብረዋል፤ አሁን ደግሞ ለልጃቸው ይፈራሉ፣ ፍርሃታቸውንም በአንቺ በኩል እየላኩት ነው። አትቀበያቸው። «እማዬ፣ የሚፈሩትን ራስዎ ይንገሩት፤ እኔም የራሴን ነግሬዋለሁ» በያቸው። ቅር ሊላቸው ይችላል። እሱ ግን ከእናቱ አፍ ቢሰማው ይሻለዋል፤ አንቺም የሁለት ሰው ፍርሃት ተሸክመሽ ከእሱ ጋር መነጋገር የለብሽም።