አዲሱ የቤዝ አንገት አልገባም ሲል

ጥያቄው የመጣው ባሕር ዳር ውስጥ በሠርግ ባንድ ቤዝ ጊታር ከሚጫወት ወጣት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ጋሼ፣ የጃዝ ቤዝ ኮፒ አለኝ። አንገቱ ተጣሟል፣ ውስጡ ያለው፣ የአንገቱን ጉብጠት የሚያስተካክለው የብረት ዘንግ፣ ትረስ ሮዱም፣ ተበጥሷል። የአጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ሲመጣ አዲስ አንገት ይዞልኝ መጣ። ግን ቦዲው፣ ማለትም የቤዙ አካል፣ ላይ አንገቱ የሚገባበት ኪስ ውስጥ ሳስገባው ግማሽ ላይ ይቆማል። የብሎን ቀዳዳም የለውም። ሰፈራችን ያለ አናጢ ‹ጎኑን ልላግልህ፣ በአሮጌው አንገት ልክ ልብሳልህ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም› አለኝ። ልስጠው ወይ?»

አትስጠው። ቢያንስ አሁን አትስጠው። አናጢው በቅንነት ነው የተናገረው፤ የቁም ሳጥን በር ቢሆን ትክክል ነበር። የቤዝ አንገት የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ግን ኪሱ አይደለም፣ የአሮጌው አንገት ቀዳዳም አይደለም። ክሮቹ ናቸው። ክሮቹ አንገቱ ራስ ጋ ካለው ነት ተነስተው ቦዲው ላይ ያለው የክር ማሰሪያ፣ ብሪጁ፣ ላይ እስኪያርፉ በአንገቱ መሃል ቀጥ ብለው መሄድ አለባቸው። ይህን በዓይንህ ሳታይ ትራፓኖ ከተነሳ፣ በኋላ ቀጭኑ የጂ ክር በተነካ ቁጥር ከፍሬቱ፣ አንገቱን አቋርጦ ከተተከለው ቀጭን ብረት፣ ጫፍ ተንሸራቶ ይወድቅብሃል።

ደግነቱ ሥራው ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። አሜሪካዊው የጊታር ሠሪ ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲሽን ቤዝ የሚባለውን ሞዴል ሲያወጣ አንገቱን በኮላ አላጣበቀውም፣ በአራት ብሎን ነው ያሰረው። በ1960 የመጣው ጃዝ ቤዝም እንደዚያው ነው። ስለዚህ አንገት ሲበላሽ ተፈትቶ ሌላ ይገባል። ያንተም ቤዝ የዚህ ዘር ነው። ችግሩ፣ ኮፒ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ልኩን ሁሌ አይጠብቁም። አንዱ ኪሱን በአንድ ሚሊ ያጠበዋል፣ ሌላው ያሰፋዋል፣ ሌላው ደግሞ ብሪጁን ትንሽ ወደ ፊት አምጥቶ ያስረዋል።

እንግዲህ መጀመሪያ መለካት ነው። የጨርቅ ሜትር አይሆንም፤ የብረት ማስመሪያ ፈልግ፣ ካሊፐር ካገኘህ ደግሞ እሰየው። ነት የምንለው ክሮቹ ከመቃኛዎቹ ወርደው የሚያርፉበት ትንሽ ቁራጭ ነው። ከእሱ በፊንገርቦርዱ፣ ፍሬቶቹ በተተከሉበት የአንገት ፊት፣ በኩል ካለው ጠርዝ ጀምረህ እስከ 12ኛው ፍሬት መሃል ለካ። 432 ሚሊ መምጣት አለበት። የዚህ እጥፍ 864 ነው፣ ማለትም 34 ኢንች፣ ጃዝ ቤዝ የሚሠራበት ርዝመት። 381 ከመጣ የያዝከው የአጭር ቤዝ አንገት ነው፤ ቦዲህ ላይ መቼም በትክክል አይቃኝም፣ እዚህ ላይ አቁም። ከዚያ ተረከዙን፣ ኪሱ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ፣ ለካ። ትክክለኛው የፌንደር ልክ ወርዱ ወደ 63.5 ሚሊ፣ ውፍረቱ ወደ 25 ሚሊ ነው። የኪሱ ጥልቀት ብዙ ጊዜ 16 ሚሊ አካባቢ ይሆናል። ያገኘኸውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፈው።

መቃኛዎቹንም አሁኑኑ ሞክራቸው። የኮፒ ቤዝ መቃኛ አዲሱ ራስ ላይ ላይገባ ይችላል። ቀዳዳው ትንሽ ከጠበበ የብርጭቆ ወረቀት ክብ እንጨት ላይ ጠቅልለህ በትዕግሥት አስፋው። በትልቅ ፑንታ አታስፋው፤ ፑንታው ጠርዙን ይዞ ይገነጥለዋል። ቀዳዳው ከሰፋብህ ግን ለዚያ ልክ የሚሆን መቃኛ መግዛት ነው የሚሻለው።

ሌላም ነገር አለ። አንገቱ ገና ከአውሮፕላን የወረደ ነው። እንጨት የአየሩን እርጥበት ይጠጣል፣ ይሰጣልም። ቤዝህ በሚቀመጥበት ክፍል፣ ፀሐይ በማይመታው ቦታ፣ ከማሸጊያው አውጥተህ ለጥቂት ቀን አጋድመው። ከዚያ በፊት የምታደርገው ማስተካከያ ሁሉ ሊለወጥብህ ይችላል።

አሁን ወደ ኪሱ። ግማሽ ላይ የሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ እንጨቱ ሳይሆን ቀለሙ ነው። አሮጌውን አንገት አውጣና የስልክህን መብራት ወደ ኪሱ አብራ። ማዕዘኖቹ ላይ ቀለም ተጠራቅሞ ታያለህ፣ አንዳንዴ ወለሉ ላይም ጠብታ ደርቆ ይገኛል። የት እንደሚይዝ ለማወቅ የአዲሱን ተረከዝ ጎኖች ጠመኔ ቀባቸው። አንገቱን ቀስ ብለህ በእጅህ ግፋው፣ ሲያቆም መልሰህ አውጣው። ጠመኔው ኪሱ ግድግዳ ላይ የታተመበት ቦታ ነው የሚይዘው። 150 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ቀጥ ያለ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለህ እሱን ቦታ ብቻ ጥቂት ጊዜ ፈግፍግ፣ ጥረግ፣ እንደገና ጠመኔ ቀብተህ ሞክር። አሰልቺ ነው፣ ግን የሥራው ግማሽ ይሄ ነው። በፍጹም በመዶሻ ወይም በጉልበትህ አታስገባው፤ በቀንዱ፣ ከቦዲው ወጣ ባለው ጫፍ፣ በኩል ያለው የኪሱ ግድግዳ ስስ ስለሆነ ይሰነጠቃል።

የሚፈገፈገው ኪሱ ነው እንጂ አንገቱ አይደለም። የአናጢውን ሐሳብ ያልተቀበልኩት ለዚህ ነው። የለካኸው ተረከዝ 63.5 ከሆነ ትክክለኛው እሱ ነው፣ የተሳሳተው ቦዲው ነው። ነገ የተሻለ ቦዲ ብታገኝ አንገቱ እንደነበረ ይገባል። ጎኑን ከላግከው ግን የፊንገርቦርዱን ጠርዝም አብረህ ትቀንሳለህ፣ እሱ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። የኪሱን ወለል ጉዳይ ግን ተጠንቀቅበት። ወለሉ ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ጠብታ ካለ በስለታም መሮ ጫፍ ብቻውን አንሳው፣ በጣትህ ይዘህ በብርጭቆ ወረቀት ወለሉን አታሽ፣ መሃሉ ይጎደጉዳል። በጎን በኩል የወረቀት ያህል ክፍተት ቢቀር አያሳስብህ። አንገትና ቦዲን አንድ የሚያደርጋቸው ወለሉና የብሎኖቹ ጉልበት ነው።

ከገባልህ ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አንገቱን ኪሱ ውስጥ እንዳለ በሞርሳ ያዘው። ከላይ ፍሬቶቹ ላይ ጨርቅና ጠፍጣፋ እንጨት፣ ከታችም እንዲሁ አድርግ። እንዳይንቀሳቀስ ያህል ብቻ ያዘው፣ አትጨፍልቀው። ከዚያ ጠንካራ የልብስ ስፌት ክር ውሰድ። አንዱን ከነቱ የኢ (የወፍራሙ ክር) ቦይ እስከ ኢ ሳድል፣ ማለትም ብሪጁ ላይ ክሩ እስከሚያርፍበት ተንቀሳቃሽ ብረት፣ ሌላውን ከጂ ቦይ እስከ ጂ ሳድል ወጥረህ እሰር። እውነተኛውን የቤዝ ክር አትጠቀም። አራቱ ሲቃኙ በጠቅላላው ወደ 80 ኪሎ የሚጠጋ ጉልበት ነው የሚስቡት፣ ሞርሳ ብቻ አይችለውም።

አሁን ከላይ ቁልቁል ተመልከት። መጨረሻው ፍሬት ላይ ከኢ ክር እስከ ፊንገርቦርዱ ጠርዝ፣ ከጂ ክር እስከ ወዲያኛው ጠርዝ ያለው ርቀት እኩል መሆን አለበት። ጂው ወደ ጠርዝ ከተጠጋ የአንገቱን ራስ ወደ ኢ ወገን ትንሽ ግፋው። ኢው ከተጠጋ በተቃራኒው። ራሱ ጋ የፀጉር ያህል ስትገፋ መጨረሻው ፍሬት ላይ ልዩነቱ ይታያል፣ ስለዚህ ቀስ በል። ልክ ሲመጣ ሞርሳውን ትንሽ አጥብቀውና እንደገና እይ፣ ሲጠብቅ ሊንሸራተት ይችላል።

በዚያው ርዝመቱን አረጋግጥ። ተረከዙ የኪሱን ጫፍ መንካቱን እይ። የጂ ሳድልን ወደ ፊት ከሚሄድበት ጫፍ ጥቂት መልስና ከነቱ እስከ እሱ ለካ። 864 ወይም ከዚያ አንድ ሁለት ሚሊ የበለጠ መምጣት አለበት። የሌሎቹ ሳድሎች በየተራ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ ኢው ከሁሉም የበለጠ። የጂ ሳድል እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ሄዶም 870 ካሳየህ፣ ወይም እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሄዶ 864 ካልደረሰ፣ አንገቱን አትንካው። መንቀሳቀስ ያለበት ብሪጁ ነው። የብሪጅ ብሎኖች ትናንሽ ናቸው፣ የድሮ ቀዳዳቸውም ብሪጁ ሥር ይደበቃል።

ሁሉም ልክ ከሆነ፣ ሞርሳው እንደታሰረ ቤዙን ገልብጠው። የቦዲው ቀዳዳ ልክ የሆነ ፑንታ በእጅህ ይዘህ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አስገባና ተረከዙን እስኪነካ አዙረው። መሃሉ ላይ ነጥብ ይተውልሃል። አንገቱን አውጣ። ለመብሳት 3.2 ሚሊ ፑንታ ተጠቀም፤ የአንገት ብሎን ብዙውን ጊዜ 4.2 ሚሊ ውፍረት አለው፣ ሜፕል ደግሞ ጠንካራ እንጨት ነው፣ በቀጭን ፑንታ ከበሳኸው ብሎኑ ውስጥ ይቆረጥብሃል። ጥልቀቱን እንዲህ እወቅ፦ ብሎኑን በሰሌዳውና (ከቦዲው ጀርባ ብሎኖቹ በሚያልፉበት የብረት ሳህን) በቦዲው አሳልፈህ ኪሱ ውስጥ ስንት ሚሊ ብቅ እንደሚል ለካ። ብዙ ጊዜ 15 ወይም 17 ይሆናል። ያን ያህል ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠቅልለህ ምልክት አድርግ። ፕላስተሩ እንጨቱን ሲነካ ታቆማለህ። ያለዚያ ፑንታው ፊንገርቦርዱን በስቶ ይወጣል። ትራፓኖው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ቋሚ ትራፓኖ ያለው የእንጨት ሥራ ቤት ካገኘህ፣ ያን ሰፈር ያለውን አናጢ የምትጠይቀው እዚህ ላይ ነው፤ አራት ነጥብ፣ አንድ ጥልቀት፣ ሌላ ምንም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ የቦዲው ቀዳዳ ነው። ብሎኑ በቦዲው ውስጥ ሳይነክስ ልቅ ሆኖ ማለፍ አለበት። የቦዲውን እንጨት ከነከሰ፣ ቦዲውንና አንገቱን እኩል ይዞ ይዞራል እንጂ አንገቱን ወደ ኪሱ አይስበውም። ታጠብቀዋለህ፣ ጠበቀ ትላለህ፣ ግን በመሃላቸው ስስ ክፍተት ይቀራል። ድምፁ ይደፈናል፣ ቃናውም ቶሎ ቶሎ ይወርዳል። ብሎኑን በጣትህ ገፍተህ በቀዳዳው ካላለፈ በ5 ሚሊ ፑንታ አስፋው።

ብሎኖቹን ሻማ ቀባቸው። ሳሙና አይደለም፤ ሳሙና እርጥበት ይስባል፣ ብሎኑን ያዝገዋል። በካቻቪቴ በእጅህ፣ በሰያፍ እየተለዋወጥክ አጥብቅ። ሰሌዳው ቀለሙ ውስጥ መስመጥ ሲጀምር በቃ።

አሁን እውነተኛውን ክር ግጠምና ቃኘው። ከዚያ አራቱንም ብሎኖች ሩብ ዙር ያህል ብቻ አላላቸው። ክሮቹ አንገቱን ወደ ኪሱ ጫፍ ይስቡታል፣ አንዳንዴ ትንሽ የጠቅታ ድምፅ ትሰማለህ። መልሰህ አጥብቅና እንደገና ቃኘው። ለአንድ ሌሊት ተወው።

በማግስቱ የመጀመሪያውን ፍሬት በአንድ እጅህ፣ የመጨረሻውን በሌላው ተጫነው። 7ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል 0.3 ሚሊ ያህል ክፍተት ይኑር። ጋራዥ ውስጥ የቫልቭ ክፍተት የሚለኩባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች ለዚህ በጣም ጥሩ ናቸው፣ የሚለካልህ ሁለተኛ ሰው ግን ያስፈልግሃል። ክፍተቱ ከበዛ ትረስ ሮዱን ወደ ሰዓት አቅጣጫ፣ ካነሰ ወደ ተቃራኒው። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፍ። ልኩ የማይገጥም ቁልፍ ከሆነ አታዙርበት፤ የአሜሪካ ልክ 4.8 ሚሊ ሊሆን ይችላል፣ የ5 ሚሊ ቁልፍ አይገባበትም፣ የ4.5 ደግሞ ይላላና ራሱን ይበላዋል።

የክሩ ከፍታ 17ኛው ፍሬት ላይ ኢው 2.4፣ ጂው 2 ሚሊ አካባቢ ሲሆን ለአብዛኛው ሰው ይመቻል። ለሠርግ ጭፈራ ጠንክረህ የምትመታ ከሆነ ትንሽ ከፍ አድርገው። ሳድሎቹ እስከ ታች ወርደውም ክሩ ከፍ ካለብህ ፍሬት አትሞርድ። አንገቱን ፈታ አድርገህ ከኪሱ ወለል በብሪጁ በኩል ባለው ጫፍ ስስ ነገር አስገባ። የድሮ ኤቲኤም ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ነው፣ ከኪሱ ወርድ ጋር እኩል የሆነ ቁራጭ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። በዛ ካልህ የሞባይል ካርድ ወረቀት ሞክር። ከተመቸህ በኋላ በዚያው ውፍረት ሙሉ ወለሉን የሚሸፍን፣ ወደ አንዱ ጫፍ የሚሳሳ እንጨት ብታሠራ ይበልጣል።

በመጨረሻ 12ኛውን ፍሬት። ክሩን ሳትጫን ከፍሬቱ በላይ ነካ አድርገህ ሃርሞኒኩን፣ ደወል መሰሉን ቀጭን ድምፅ፣ አውጣ፣ ከዚያ ተጭነህ ምታው። የስልክ ቲዩነር ይበቃል። ተጭነህ የመታኸው ከፍ ካለ ሳድሉን ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት። ሳድል ባንቀሳቀስክ ቁጥር መልሰህ ቃኝ።

የለካኸውን ወረቀት አትጣለው። 12ኛው ፍሬት ላይ 432 ካልመጣልህ፣ ወይም ስፌት ክሩ መሃል አልገባም ካለህ፣ ቁጥሮቹን ጻፍልኝና አብረን እናያለን። እስከዚያ ትራፓኖው አይነሳ።