ከኮሌጅ እስከ ሱፐር ቦውል፦ የቢል ዋልሽ አሰልጣኝነት

ጥያቄ፦ ልጄ እዚህ ካሊፎርኒያ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወታል። አሰልጣኙ የቢል ዋልሽን ስም ደጋግሞ ያነሳል። እኚህ ሰው በኮሌጅም በፕሮፌሽናል ቡድንም አሰልጥነዋል ይባላል፤ ለመሆኑ ሁለቱ ሥራዎች ይለያያሉ?

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ ቢል ዋልሽም በወጣትነታቸው በፍሪሞንት ከተማ እንደ ልጅዎ ያሉ ተማሪዎችን ያሠለጥኑ ነበር። በዩኒቨርሲቲዎች በረዳትነት ከሠሩ በኋላ፣ በ1968 እ.ኤ.አ. አዲስ ወደተመሠረተው ፕሮፌሽናል ቡድን ሲንሲናቲ ቤንጋልስ ገቡ። ስማቸውን ያስጠራው አጨዋወት የተገኘው በዚያ፣ ከችግር ነው፤ ክንደ ብርቱው ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) ግሬግ ኩክ ትከሻውን ተጎድቶ ሲርቅ የተካው ቨርጂል ካርተር ኳስ አርቆ መወርወር ባይሆንለትም ዒላማ የሚስት ስላልነበረ፣ ዋልሽ ሰዓታቸው በኳርተርባኩ እርምጃ የተለካ አጫጭር ቅብብሎችን ቀየሱለት። ሆኖም ዋና አሰልጣኙ ፖል ብራውን ከስምንት የውድድር ዘመን በኋላ ሲሰናበቱ ቦታውን የሰጡት ለሌላ ረዳት ነበር።

ዋልሽ በ1977 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ ሆኑ፤ በሁለት ዓመት 17 ጊዜ አሸንፈው 7 ጊዜ ተሸነፉ። በ1979 የተረከቡት ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ግን በመጀመሪያው ዓመት ከ16 ጨዋታ 14ቱን ተሸነፈ። በዚያው ዓመት በድራፍቱ (ፕሮፌሽናል ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) ሦስተኛ ዙር የመረጡትን ኳርተርባክ ጆ ሞንታናን በትዕግሥት አስተምረው፣ በ1982 ጥር የቀድሞ ቡድናቸውን ቤንጋልስን 26 ለ21 በመርታት የፕሮፌሽናሉን ሊግ የፍጻሜ ዋንጫ ሱፐር ቦውልን ወሰዱ። ሁለት ተጨማሪ ዋንጫዎችም ተከተሉ።

የሁለቱ ሥራዎች ልዩነት ይህ ነው። የኮሌጅ አሰልጣኝ ወጣቶችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ፣ እንደ እርስዎ ያሉ ወላጆችን አሳምኖ ያመጣል፤ ተጫዋቾቹ ተማሪዎች በመሆናቸው ለልምምድ የሚተርፋቸው ሰዓት ውስን ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ተመርቀው ይሄዳሉ። በፕሮፌሽናሉ ደግሞ ደመወዝተኛው ተጫዋች ቀኑን ሙሉ ሥራው ይኸው ነው። ዋልሽ በ1992 ወደ ስታንፎርድ ተመልሰው በመጀመሪያው ዓመት 10 ጨዋታ ቢያሸንፉም በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት 4 እና 3 ብቻ ማሸነፋቸው፣ በእኔ እምነት፣ ረቂቅ አጨዋወታቸው ረጅም የማስተማሪያ ጊዜ ስለሚሻ ጭምር ነው።

ከዋንጫዎቹ ይልቅ እኔን የሚነካኝ ግን በ1987 የጀመሩት መርሐ ግብር ነው፤ ዕድሉን ተነፍገው የኖሩ ጥቁር አሰልጣኞችን ወደ ቡድናቸው የልምምድ ካምፕ እየጋበዙ ሙያውን ከውስጥ ያሳዩአቸው ነበር። ዛሬ መርሐ ግብሩ በስማቸው ተሰይሞ በመላው ሊግ ይሠራበታል።