ለሁለት ሳምንት ሄዶ አዋላጅ ማሰልጠን ይጠቅማል ወይ? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ ሜሪላንድ ነው፣ ማዋለጃ ክፍል ነርስ ሆኜ ስሰራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እዚ ያለን የሀበሻ ነርሶች ተሰባስበን፣ ሁለት ዶክተሮችም አሉበት፣ በራሳችን ወጪ ሀገር ቤት ሄደን አንድ የዞን ሆስፒታል ውስጥ ለሁለት ሳምንት አዋላጆችን ለማሰልጠን እያሰብን ነው። አንዷ ጓደኛችን ግን "ሁለት ሳምንት ምን ይለውጣል፣ ለቲኬት የምታወጡትን መድኃኒት ግዙበትና ላኩ" አለችንና ከዛ በኋላ ሁላችንም ልባችን ተከፈለ። እውነቱን ንገሪን፣ ይጠቅማል? ከጠቀመስ ምን ይዘን ምን አስተምረን እንምጣ?
(እህትሽ ከሜሪላንድ)

መልስ

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን አሰባችሁት። ይጠቅማል፣ ግን የሚጠቅመው እናንተ አውሮፕላን ከተሳፈራችሁ በኋላ እዛ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የሚቀጥል ነገር ካለ ብቻ ነው። ይሄን በግምት አይደለም የምልሽ፣ ታንዛኒያ ውስጥ በደንብ የታየ ነገር ነው።

በ2010 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከሌሎች ጋር ሆኖ ሲወለዱ የማይተነፍሱ ሕፃናትን ስለመርዳት ቀላል ስልጠና አዘጋጀ፣ ውሃ የሚሞላ አሻንጉሊት ሕፃንና አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት) ይዘሽ የምትለማመጂው ነው። ዋናው ነገር አንዲቷ ደቂቃ ናት፣ ሕፃኑ እንደወጣ ታደርቂዋለሽ፣ ጀርባውን ታሻሺዋለሽ፣ ካልተነፈሰ ደቂቃዋ ሳታልቅ በባግ አየር መስጠት ትጀምሪያለሽ። በሰሜን ታንዛኒያ ገጠር ሃይዶም የሚባል የሉተራን ሆስፒታል አለ፣ እዛ ሰራተኞቹን አንድ ቀን አሰለጠኗቸው። ከወራት በኋላ ሲፈተኑ አሻንጉሊቱ ላይ ከበፊቱ በጣም በተሻለ ይሰራሉ፣ እውነተኛ ሕፃን ሲወለድ ግን አሰራራቸው ምንም አልተለወጠም ነበር! እውቀቱ አለ፣ እጁ ግን የለመደውን ነው የሚሰራው፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደክሞሽ ሳለ ሰማያዊ ሆኖ የወጣ ሕፃን ስታዪ የሚመጣልሽ ሰርተፍኬት የወሰድሽበት ቀን ሳይሆን በየጊዜው ያደረግሽው ነገር ነው።

ከዛ ሰዎቹ ተስፋ አልቆረጡም፣ እዛው ሆስፒታል ውስጥ በየሳምንቱ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ብቻ እንዲለማመዱ አደረጉ፣ በወር አንዴ ደሞ 40 ደቂቃ ገደማ ክለሳ። በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱት ሕፃናት ከ1000 ውስጥ ከ11.1 ወደ 7.2 ወረዱ።  እኔ ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ስለ ስልጠና ያለኝን ሀሳብ ሁሉ የሚያስተካክልልኝ ነገር ነው።

ስለዚ የእናንተ ሁለት ሳምንት ትልቁ ስራው አርባ ሰው ማሰልጠን አይደለም። ከዛው ክፍል ሁለት ወይ ሶስት አዋላጆችን፣ በተለይ የሌሊት ፈረቃ የሚሰሩትን፣ እናንተ ስትሄዱ ልምምዱን የሚመሩ አድርጎ ማዘጋጀት ነው። አሻንጉሊቱ ኃላፊው ቢሮ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎ እንዳይቀር፣ ማዋለጃው አልጋ አጠገብ ይቀመጥ። ሆቴል አዳራሽ ተከራይታችሁ አበል ከፍላችሁ የምታደርጉትን ነገር ተዉት፣ ሰራተኛውን ከክፍሉ አውጥታችሁ ስታሰለጥኑ ክፍሉ ውስጥ የምታምጥ እናት ማን ጋ ትሆናለች? እዛው ስራው መሀል፣ አጠር አጠር እያደረጋችሁ።

ሁለተኛው የምታስተምሩት ነገር ደም መፍሰስ ይሁን። ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም በዓይን መገመት ሁላችንንም ያታልላል፣ አንሶላው ይመጠዋል፣ ወለሉ ላይ ይሄዳል፣ "ብዙም አይደለም" ትያለሽ፣ ከዛ ግፊቷ ሲወርድ ነው የምትደነግጪው። በ2023 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፣ በኬንያ፣ ናይጄሪያ፣ ታንዛኒያና ደቡብ አፍሪካ 80 ሆስፒታሎች ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ እናቶች ላይ የተሰራ። ያደረጉት ነገር ሲታይ ቀላል ነው፣ መለኪያ መስመር ያለው ፕላስቲክ እናትየዋ ስር አንጥፎ ደሙን መለካት፣ ከዛ ደሞ አንዱን ሞክሮ ሌላውን ከመጠበቅ ይልቅ ማህፀን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን (ማህፀን እንዲኮማተር የሚያደርግ መርፌ)፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ (ደም እንዲረጋ የሚረዳ መድኃኒት)፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ምርመራ፣ ሁሉንም ባንዴ መጀመር። በድሮው አሰራር ከሚደሙት እናቶች በጊዜ የሚታወቁት ግማሽ ያህሉ ነበሩ፣ በአዲሱ 93 በመቶ ደረሰ። ከባድ ደም መፍሰስ፣ በደም ምክንያት የሚደረግ ቀዶ ጥገናና ሞት ተደምሮ በ60 በመቶ ቀነሰ። ይሄን ማንም አዋላጅ ይችለዋል፣ መድኃኒቱ እጇ ላይ ካለ።

እዚ ላይ ነው ጓደኛሽ ትክክል የሆነችው። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ ደሞ ከወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ አይጠቅምም፣ ስለዚ መብራት በሚጠፋበት ቦታ ፍሪጁ እንዴት እንደሆነ ሳትጠይቁ ስለ መድኃኒቱ ብታስተምሩ ዋጋ የለውም። መድኃኒት ብቻ መላክም ደሞ አይሆንም፣ የሚወጋው ሰው ደሙን ካላየ መድኃኒቱ ቁምሳጥን ውስጥ ነው የሚያድረው። ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት።

ዕቃ ስትጭኑ ተጠንቀቁ። የአሜሪካ ማሽን 110 ቮልት ገደማ ነው፣ የኛ 220፣ ሰክታችሁ ባንድ ቀን ታቃጥሉታላችሁ። በዝቅተኛ ገቢ ሀገሮች ሆስፒታሎች ካሉት የህክምና ዕቃዎች ወደ 40 በመቶ የሚሆነው የማይሰራ እንደሆነ በጥናት ታይቷል፣ መለዋወጫ የለው፣ የሚጠግን የለው። እኔን ከጠየቅሽኝ ታጥቦ ደጋግሞ የሚሰራ አምቡ ባግ በጨቅላ መጠን ማስክ፣ ደም መለኪያ ፕላስቲክ፣ ጥሩ የግፊት መለኪያ። ቀኑ ሊያልፍ የደረሰ መድኃኒት እባካችሁ አታምጡ። የሥራ ፈቃዱንና የዕቃውን ማስገቢያ ደሞ ከቲኬቱ በፊት ከጤና ሚኒስቴርና ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ጨርሱ። አንድ ነገር ደሞ፣ ሜሪላንድ ላይ እንድትሰሩ የማይፈቀድላችሁን ነገር እዛም አትስሩ፣ ነርሷ ነርስ ትሁን።

ለምን አሁን ይሄ ሁሉ ያሳስበኛል ብትዪ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ጤና ተቋም የምትወልደው ከ100 እናት 26 ነበረች፣ በ2019 ወደ 48 ገባ። እናቶቻችን "ኑ" ስንላቸው እየመጡ ነው፣ በእግር፣ በባጃጅ፣ በአምቡላንስ። አምነው መጥተው በራችን ውስጥ ሲሞቱ ግን ማንን እንወቅሳለን?

ስለ መቆየት ካነሳን ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1959 እ.ኤ.አ. ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የመጡት እኮ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ በአጭር ኮንትራት ነበር። ቀሩ። ካትሪን በ2020 እስኪያርፉ እዚሁ ኖሩ፣ ፊስቱላ (በምጥ ጉዳት ሽንት መቆጣጠር ያቃታቸውን እናቶች) የሚያክመውን ሆስፒታል አቋቋሙ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ደሞ የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ፣ የገጠር ልጆችን ተቀብሎ አስተምሮ ወደመጡበት አካባቢ የሚመልስ። ታካሚ ሆነው የመጡት ማሚቱ ጋሼ ከአጠገባቸው ቆመው በማየትና በመስራት ቀዶ ጥገናውን ተምረው ከውጭ ለሚመጡ ዶክተሮች ሳይቀር አስተማሪ ሆነዋል። ኑሯችሁን ጥላችሁ ኑ እያልኩ አይደለም፣ ቢያንስ በየዓመቱ ሆስፒታል አትቀያይሩ፣ አንዱን ያዙና ወደዛው ተመለሱ፣ መሀሉን በቴሌግራምም በቪዲዮም ከነዛ ሁለት ሶስት አዋላጆች ጋር ቀጥሉ። ቋንቋውን ስለምታውቁ ደሞ እናትየዋ በምጥ መሀል የምትለውን ትሰማላችሁ፣ ይሄ ከፈረንጅ ቡድን የሚለያችሁ ትልቅ ሀብት ነው።

ጥያቄ

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው የምሰራው። ከውጭ ቡድን ይመጣል፣ ወላዶቹን ሁሉ ፎቶ ያነሳሉ፣ ሰርተፍኬት ይሰጡናል፣ ይሄዳሉ። የሰለጠነው ሰው ደሞ በሶስት ወሩ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል። ማሰልጠን ሳይሆን ጉብኝት ሆኗል፣ ምን ላድርግ?
(የተማረርኩ ወንድምሽ)

መልስ

ወንድሜ፣ ምሬትህ ልክ ነው፣ እኔም እጋራሃለሁ። ፎቶውን በተመለከተ እናትየዋ በሚገባት ቋንቋ ተጠይቃ ካልፈቀደች አይሆንም በል፣ ምጥ ላይ ሆና የሰጠችው ፈቃድ ደሞ ፈቃድ አይባልም። አዋላጅዋ አንተ ነህ፣ ይሄን ለመከልከል የማንንም ደብዳቤ መጠበቅ የለብህም።

ቡድኑ ከመምጣቱ በፊት የራሳችሁን መዝገብ አውጡና ያለፉትን ወራት እዩ፣ ስንቷ ደማች፣ ስንቱ ሕፃን ልቡ እየመታ ምጥ ገብቶ ሞቶ ወጣ፣ ስንቷን ዘግይታችሁ ሪፈር አላችሁ። እሱን ፅፋችሁ ላኩላቸው፣ "እኛ የቸገረን ይሄ ነው" በሏቸው። ያኔ የነሱን ስላይድ ሳይሆን የናንተን ችግር ይዘው ነው የሚመጡት። ለሜዲካል ዳይሬክተሩም ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሰለጠነ ሰው ከማዋለጃ ክፍል እንዳይነሳ በፅሁፍ ጠይቁ፣ ቡድኑ ራሱ ይሄን ከመምጣቱ በፊት እንዲያስፈርም ብታደርጉ ደሞ የበለጠ ይሰራል።

እስከዛው ማንንም ሳትጠብቁ ጀምሩ። አሻንጉሊት ባይኖር ፎጣ ጠቅልላችሁ ማድረቁንና ማሻሸቱን በሰዓት ተለማመዱ። ፈረቃ ስትረከብ ደሞ የአምቡ ባጉን ማስክ መዳፍህ ላይ አጥብቀህ ግጠምና ጭመቀው፣ ግፊቱ ሲበዛ የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ከተከፈተ ደህና ነው፣ ዝም ብሎ ባዶውን ከተጨመቀ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ስለሆነ ወላድ ከመግባቷ በፊት ሌላ አስመጣ።