ወፉ የሠራውን ጎጆ ራሱ ለምን ያፈርሰዋል?

ጥያቄ፦ አዘዞ በሚገኘው ግቢያችን ባለው ዋንዛ ላይ፣ ግንቦት ሲገባ ራሳቸው ጥቁር፣ ዓይናቸው ቀይ፣ ሆዳቸው ቢጫ የሆነ ወፎች ከሣር የተሠሩ ብዙ ጎጆዎች አንጠልጥለዋል። የዛፉን ቅጠል እየበጠሱ ይጥላሉ፤ የጨረሱትንም ጎጆ ዘነጣጥለው መሬት ላይ ይበትኑታል። ጎረቤቶቼ ዛፉ እንዳይደርቅና ስጣችን እንዳይበላ ቅርንጫፉ ይቆረጥ ይላሉ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቅርንጫፉ በዚህ ወቅት እንዳይቆረጥ አደራ እንላለን። ጎጆውን የሚሠራው ወንዱ ነው። የሣሩን ቅጠል ጠርዙ ላይ ነክሶ ሲበር ረዥም ክር ሆኖ ይሰነጠቅለታል፤ ያንን በእግሩ ይዞ በምንቃሩ እያሾለከ ይጠልፈዋል። ደረቅ ሣር እየተሰበረ ስለማይታዘዘው ሥራውን የሚጀምረው ዝናቡ ሣሩን ሲያለመልመው ነው፤ ጫጩቶቹ የሚመገቡት ትልና ፌንጣም የሚበዛው ያን ጊዜ ነው።

ጎጆው ሲያልቅ ወንዱ ከመግቢያው ሥር ቁልቁል ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ሴቲቱን ይጠራል። እርሷም ገብታ ትመረምረዋለች፤ ከወደደችው ውስጡን በለስላሳ ሣርና በላባ ታነጥፈዋለች። ያልተመረጠ ጎጆ ግን በጥቂት ቀናት ደርቆ ቡናማ ስለሚሆንና ሴቶቹ አረንጓዴውን ስለሚመርጡ፣ ወንዱ አፍርሶት በቦታው አዲስ ይጀምራል። እርስዎ መሬት ላይ የሚያዩት ፍርስራሽ የዚህ ውጤት እንጂ የበሽታ ምልክት አይደለም። ቅጠሉንም የሚበጥሱት ለመብላት አይደለም፤ በጎጆው ዙሪያ ያለው ቅርንጫፍ ሲራቆት እባብ ተሸሽጎ መቅረብ ያዳግተዋል። ጤነኛ ዋንዛ ደግሞ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ስለ ስጡ የጎረቤቶችዎ ስጋት ተገቢ ነው፤ እነዚህ ወፎች እህል ይበላሉ። ስጡን ከዛፉ አርቆ ማስጣትና ጠባቂ ማድረግ ይበቃል ብለን እናምናለን። እንቁላል ከተጣለ ጫጩቶቹ እስኪበሩ አምስት ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ ጎጆዎቹ ግን እኩል ስለማይጀመሩ፣ መቁረጥ ግድ ከሆነ ክረምቱ አልፎ ሁሉም ባዶ መሆናቸው ሲረጋገጥ ይሁን።

ጥያቄ፦ ፋሲል ግቢ ግንቦች ላይ የሚያርፉት ርግቦች በየቤቱ ከሚረቡት ጋር አንድ ናቸው?

መልስ፦ ማጅራቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያላትን፣ ስትበር ክንፏ ላይ ነጭ የሚታይባትን ግራጫ ርግብ ካዩ፣ ያቺ ከቤት ርግብ የተለየች ናት። በዓለም ላይ የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ ሲሆን፣ ለሳይንስ ያስተዋወቃት ወደ ጎንደር መጥቶ የነበረው ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤዱዋርድ ሩፐል እ.ኤ.አ. በ1837 ነው። በተፈጥሮዋ ገደል ላይ የምትኖር በመሆኗ የድንጋይ ግንብ ይስማማታል።