ጅማ ላይ ብርቅዬ ነገር ለማየት ሩቅ መሄድ አይጠበቅብህም

ሰላም ወንድም። ጥያቄህ ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ለሥራ ጅማ ተዛውሬ፣ እሁድ እሁድ በለጠ ጫካ እሄዳለሁ። ከጉሬዛና ከዝንጀሮ በቀር ምንም አላየሁም። ብርቅዬ ዕፅዋትና እንስሳት የት ነው ያሉት?» ከላይ የመለሱልህ ብዙዎቹ ከፋ ሂድ፣ ያዩ ሂድ ብለውሃል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ (ተፈጥሮና ሰው አብረው የሚኖሩበት ጥብቅ ሥፍራ) ተብለው የተመዘገቡ ድንቅ ቦታዎች ናቸው። ግን ችግርህ የቦታ አይመስለኝም። አካሄድህን ካልቀየርክ ከፋም ሄደህ የምታየው ጉሬዛ ነው።

እንዲያውም ብርቅዬውን አጠገቡ ደርሰህ እያለፍከው ይሆናል። ከመንገዱ ገባ ስትል ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቀጭን፣ ረዥም፣ ፍሬው እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያለ ቡና አላየህም? አረቢካ በየገበያው ሞልቷል። በዱር የሚበቅለው ግን በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ተርታ ገብቷል። ገበሬው የተከለውን ከዱሩ መለየት ለባለሙያም ከባድ ነው። ቢሆንም ቆም ብሎ ማየት ያዋጣል። እዚያው ጥላ ውስጥ ኮረሪማ ታገኛለህ። አበባው ከመሬት ብዙም ከፍ ስለማይል ቅጠሉን ገለጥ ካላደረግክ አይታይህም።

ኦርኪድ የሚባለውን አበባ የምትፈልግ ከሆነ አንገትህን አታድክም። አብዛኞቹ የጫካው ኦርኪዶች ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ነው የሚኖሩት፣ ከታች ቆመህ አትለያቸውም። እኔ የማደርገው ሌላ ነው። ከባድ ዝናብና ነፋስ ካለፈ በኋላ እሄድና የወደቁ ቅርንጫፎችን አያለሁ። ከዛፍ ሽበቱ መሀል ወፍራም ነጭ ሥር ካየህ ደስ ይበልህ። ፎቶ አንሳና ጥላ ያለበት ዛፍ ላይ አስደግፈው፣ የመዳን ዕድል አለው። ቦርሳህ ውስጥ ግን አትክተተው። ኦርኪዶች በሙሉ ሳይቲስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት የተዘረዘሩ ናቸው። ለምርምርም ቢሆን ናሙና መውሰድ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል።

አሮጌ ዛፍ ያልተነካበትን ክፍል ምረጥ። ጅማ አካባቢ በተደረገ ጥናት፣ ለቡና ሲባል ዛፉ የሳሳበት ጫካ በዛፍ ላይ የሚኖሩ ኦርኪዶቹ በጣም ይቀንሳሉ። ከሩቅ ሲታይ ያው አረንጓዴ ነው፣ ብዙ ሰውም በዚህ ይሸወዳል። ኤራንጊስ የሚባለው ነጭ ኦርኪድ ደግሞ የሚሸተው ሲመሽ ነው፣ የሚፈልገው የሌሊት የእሳት እራትን ስለሆነ። አንዳንዴ ከዓይን አፍንጫ ይቀድማል።

ስለ እንስሳቱ። ጉሬዛውን ስታይ «እሱማ ያው ነው» ብለህ አትለፍ። አጠገቡ እንደ ጉሬዛው ረዥም ነጭ ፀጉር የሌለው፣ ጠቆር ያለ ግራጫ ጦጣ ካለ ካሜራህን አውጣ። የቡቱርሊኒ ጦጣ ይባላል፣ ከምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውጪ የትም የለም። ከጉሬዛው ይልቅ ዓይን አፋር ነው። ተቀመጥ፣ ዝም በል፣ ስልክህን ዝጋ።

ለእኔ ግን የዚህ አገር ትልቁ ሀብት እንቁራሪቶቹ ናቸው። ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም! እ.ኤ.አ. በ1974 ሳይንሳዊ ስም የወጣላት አፍሪክሳለስ ክላርኪ የምትባል ትንሽዬ እንቁራሪት አለች፣ የዓለም መኖሪያዋ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ብቻ ነው። ቀን ፈልገህ አታገኛትም። በክረምት ማታ፣ ውኃ ያቆረበት ቦታ፣ በድምፅ ነው የምትፈለገው። የግንባር ባትሪ ያዝ፣ ቦት ጫማ አድርግ፣ የአካባቢውን ሰው ሳትይዝ አትግባ። ይሄ ለወግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 ለሳይንስ የታወቀው የኢትዮጵያ ተራራ እፉኝት የሚኖረው በዚሁ ቀጠና ነው፣ የቡና መሬትም አይጠላም። እጅህን የማታየው ቦታ አታስገባ። ገብረ ጉንዳኑ ደግሞ ሳትጠራው ይመጣል።

ማታው ካስፈራህ ከቦዬ ረግረግ ጀምር። ከተማው ጫፍ ላይ ነው፣ በባጃጅ ትደርሳለህ። ሰው የሚሄደው ጉማሬ ለማየት ነው፣ አንተ ግን የረግረጉን ዳር ተመልከት። ጅራቷን ቁጭ ብድግ እያደረገች የምትራመድ ቡናማ ወፍ ካየህ የሩዤ ሬል ትባላለች፣ መኖሪያዋ ኢትዮጵያና ኤርትራ ብቻ ነው። ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬን የሚባለው ትልቅ ወፍም በጅማ ዙሪያ ረግረጎች አለ። ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነው ደጉ። ከዚያ በኋላ ከብትና ሰው ይበዛል።

መጽሐፍና አፕሊኬሽን ጥሩ ነው። ማር ቆራጮችን የሚያህል ግን አላገኘሁም። ዛፍ ላይ የሚወጡት እነሱ ናቸው፣ ምን የት እንደሚያብብ ያውቃሉ። አካም ጅርቱ ብለህ ሰላም በል፣ ቡና ጠጣ፣ ፎቶ አሳያቸው። የመጀመሪያ ቀን «ብርቅዬ ነገር አሳዩኝ» ብለህ አትጀምር፣ ወርቅ ፈላጊ ነው የምትመስለው። ሥራ ካስፈታሃቸው ደግሞ ሒሳባቸውን ክፈል።

አይናቹራሊስት (ሰዎች ያዩትን ዕፅዋትና እንስሳት ፎቶ የሚለጥፉበት አፕሊኬሽን) ላይ ስትለጥፍ ቦታውን የሚደብቀውን ምርጫ አብራ። ካርታው ላይ ነጥቡን ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሚሰፋ ሳጥን ውስጥ ይበትነዋል። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ደግሞ «በለጠ» ካልክ ይበቃል፣ ዛፉን አትጠቁም።

በለጠ ለመሄድ የሸቤ ወይም የቦንጋ መኪና ያዝ። ማልደህ ውጣ። ከሰዓት በኋላ የሚመለሱት መኪኖች ሞልተው ነው የሚያልፉት፣ መንገድ ዳር ቆመህ እንዳትቀር።