ማስረጃው ተጠብሶ ተበላ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው አዘዞ ነው። መስከረም ላይ ከመገጭ ወንዝ በመረብ አንዲት ትንሽ ዓሣ አወጣሁ። ጣቴን ታክላለች። ጎኗ ላይ ሦስት ጥቁር ነጠብጣብ አለ። እኔም ጎረቤቶቼም እንዲህ ያለች አይተን አናውቅም። አዲስ ዝርያ ትሆን? ከሆነችስ በእናቴ ስም ማስጠራት እችላለሁ? ፎቶዋ ስልኬ ላይ አለ። ዓሣዋን ግን ታናሽ ወንድሜ ጠብሶ በላት።
አንባቢዎ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ወንድምህ ላይ አልፈርድም፤ ትኩስ ዓሣ አጠገቡ እያለ ማን ይታገሣል? ግን የበላው ማስረጃህን ነው። የአንድ ዝርያ ስም የሚታሰረው በአንድ ዓሣ አካል ላይ ነው። ያ ዓሣ ሙዚየም ውስጥ በጠርሙስ ሆኖ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ይቀመጣል። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚጠራጠር ሰው ቢመጣ ጠርሙሱን ከፍቶ ያየዋል። ፎቶ ላይ ደግሞ ዝርያ የሚለይበት ቅርፊት በትክክል አይቆጠርም።

ሦስት ነጠብጣብ ስትል ፈገግ አልሁ። ቡለንጀር የሚባል የለንደን ሙዚየም ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1902 መገጭ ከሚገባበት ከጣና ሐይቅ ሁለት ትንንሽ ዓሦች ሰይሞ ነበር። አንዷን ሁሚሊስ አላት። ሌላዋን ትሪስፒሎፕሉራ አላት፤ ጎኗ ላይ ሦስት ነጥብ ያላት ማለት ነው። መቶ ዓመት ሙሉ ሁለት ዝርያ ተብለው ኖሩ። በ2002 ተመራማሪው እሸቴ ደጀንና ባልደረቦቹ አመዛዝነው ሲያዩዋቸው አንድ ዝርያ ሆነው ተገኙ። የሚለያዩት በሚኖሩበት ቦታ ነው እንጂ በዘር አይደለም። ስለዚህ ያንተዋ የእነዚህ ዘመድ ትሆናለች ብዬ እጠረጥራለሁ። መጥበሻ ላይ የወጣችውን ግን ማን ይምላል?

ተቃራኒውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ባኒስተር የሚባል ተመራማሪ የጣናን ትላልቅ ነጭ ዓሦች ሁሉ ጠቅልሎ አንድ ዝርያ ናቸው አለ። ገበያ ላይም ያው ናቸው፤ ሁሉም ነጭ ዓሣ ነው የሚባለው። ናግልከርከና ሲቢንግ የሚባሉ ሆላንዳውያን ግን አፋቸውን፣ ጭንቅላታቸውን፣ የሚበሉትን ሁሉ አንድ በአንድ አጠኑ። በ1997 ሰባት አዲስ ዝርያ ገለጹ። ዛሬ 15 ያህል ይቆጠራሉ፤ ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። የነጭ ዓሣ ቤተሰብ ዓሦች እኮ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም! ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። እንዲህ ሆነው አዳኝ መሆናቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ወደ አንተ ልመለስ። ስሙ የሚታሰረው በአንድ ዓሣ ቢሆንም፣ ዝርያ የሚገልጽ ሰው አንድ ብቻ አይበቃውም። ወንዱም፣ ሴቷም፣ ትንሹም፣ ትልቁም ያስፈልገዋል። በግራ ጎኗ ከጭንቅላቷ እስከ ጅራቷ የሚሄደውን መስመር ይዞ ቅርፊት ይቆጥራል። ርዝመቷን ሲለካ የጅራት ክንፏን አይጨምርም፤ ጅራት ይቀደዳላ። ከዚያ ጣና ውስጥ የተሰየሙትን ሁሉ፣ የቡለንጀርን የድሮ ዓሦች ሳይቀር፣ ያመሳክራል። አድካሚው ይሄ ነው። መጨረሻ ላይ ልዩነቱን ጽፎ ያሳትማል። ሳይታተም ስም የለም።

የእናትህ ጉዳይ ይቻላል። ለሴት ስም መጨረሻው ላይ የላቲን ቅጥያ ይደረጋል። በራስ ስም መሰየምን ግን ሕጉ ባይከለክልም ነውር ነው። ቦታም ይከበራል፤ ቢኒ የተባለ ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1940 አንዱን ነጭ ዓሣ ጎርጎረንሲስ ብሎታል። የእኛይቱ ጎርጎራ ናት። ስሙን የሚያወጣው ግን ገልጾ የሚያሳትመው ሰው ስለሆነ፣ ካሁኑ ተስማሙ።

እኔም ተማሪ ሳለሁ ተሞኝቻለሁ። ጎርጎራ ወርጄ 12 ዓሣ ሰብስቤ አልኮል ውስጥ ከተትሁ። ቦታውንና ቀኑን በእስክሪብቶ ጽፌ እላያቸው ላይ አሰርሁ። ቤት ስደርስ ቀለሙ ሟሙቶ ወረቀቱ ባዶ ሆኗል። የት እንደተያዘ ያልታወቀ ዓሣ ለሳይንስ ከወጥ አይሻልም። መምህሬ ምንም አላሉኝም፤ እርሳስ ብቻ ሰጡኝ።

ስለዚህ ዳግም ካገኘሃት በእርሳስ ጻፍ። ቀኑን፣ የወንዙን ቦታና ውሃው ድንጋያማ ይሁን ጭቃማ ጨምር። ዓሣ እንዳይበሰብስ የሚደረገውን ፎርማሊን የሚባል ኬሚካል ግን ራስህ አትንካ፣ መርዝ ነው። በበረዶ ይዘህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ውሰዳት። እነሱ መጀመሪያ ከክንፏ ቁራጭ ወስደው ጠንካራ አልኮል ውስጥ ያኖራሉ፤ ፎርማሊን ዲኤንኤዋን ያበላሻልና። ሦስት አራት ካወጣህ ይበቃል። በክረምትና መስከረም ላይ ነጭ ዓሦቹ ለመራባት ወደ መገጭ ይወጣሉ፤ ያኔ ወንዙ ውስጥ መረብ ባትጥል እመርጣለሁ።